በፊርማ የገዛ ጄኔራል፦ ፋልከንሃውዘን በቤልጅየም፣ 1940–1944

ክቡራትና ክቡራን፣

የዛሬው ንግግር ስለ አንድ የጀርመን ጄኔራል ነው፤ ስለ ጦር ሜዳ ውሎው ግን አይደለም። አሌክሳንደር ፎን ፋልከንሃውዘን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግንባር ጦር አልመራም። ከሜይ 1940 መጨረሻ እስከ ጁላይ 1944 አጋማሽ ብራስልስ ተቀምጦ የተያዘ አገር አስተዳደረ። ሥራው ሪፖርት ማንበብ፣ ሰው ማነጋገርና መፈረም ነበር። ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን ሰው የመረጥኩት ስሙ ክፉ ስላልሆነ ነው። የናዚ ወረራ ሲነሳ በዓይናችን የሚመጣው ጅራፍ የያዘ የኤስ ኤስ፣ ማለት የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ፣ መኮንን ነው። ፋልከንሃውዘን የድሮ ባላባት ዘር፣ ሂትለርን ከሚጠሉ መኮንኖች ጋር የሚመካከር፣ በመጨረሻም ራሱ በናዚዎች የታሰረ ሰው ነው። ያም ሆኖ በእሱ ዘመን ወደ 25 ሺህ አይሁዶች ከቤልጅየም ወደ ሞት ካምፕ ተጫኑ፤ ከ200 በላይ ታጋቾች ተረሸኑ። ለዘብተኛነቱ እውነተኛ እንደነበር እቀበላለሁ። እኔ የምለው፣ ያው ለዘብተኛነት አገር ለመግዛት ከጭካኔ ይልቅ የሚያዋጣ ስልት ሆኖ አገልግሏል ነው። ስልቱ እንዴት እንደሠራና የት ላይ እንደተሰበረ እናያለን።

ሰውየው በ1878 ሲሌዥያ ውስጥ ተወለደ። ገና ወጣት መኮንን ሳለ የቻይናን የቦክሰሮች አመፅ ለመደምሰስ ከተላከው የጀርመን ጦር ጋር ሄደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቶኪዮ ወታደራዊ አታሼ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከኦቶማን ጦር ጋር አገልግሎ የፕሩሽያን ከፍተኛ ሜዳሊያ አገኘ። በኋላም የድሬስደንን የእግረኛ ጦር ትምህርት ቤት መርቶ በ1930 ጡረታ ወጣ። ከ1934 እስከ 1938 የቻይናው መሪ የቺያንግ ካይሼክ ዋና ወታደራዊ አማካሪ ሆኖ ቻይና ኖረ፤ ጃፓን በርሊንን ስትጫን ሂትለር አማካሪዎቹን በሙሉ አስጠራቸው። ከዚህ ረጅም መንገድ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ፋልከንሃውዘን የዕድሜውን ብዙ ክፍል የኖረው በሌላ ሕዝብ መንግሥት ውስጥ፣ በሌላ ሕዝብ ሹማምንት በኩል ነገር ማስፈጸምን እየተለማመደ ነው።

ሌላም ቅርስ ነበረው። አጎቱ ሉድቪግ ፎን ፋልከንሃውዘን በ1917 እና በ1918 የዚያችው የቤልጅየም ጠቅላይ ገዥ ነበር። ከአጎቱ በፊት የነበረው ገዥ ሞሪትዝ ፎን ቢሲንግ በ1916 መጨረሻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ቤልጅየማውያን ሠራተኞችን በግድ ወደ ጀርመን አስጭኖ ነበር። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጮኸ፤ የሠራተኞቹ ምርት ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ነገሩ ቆመ። በ1940 ብራስልስ የገቡት ጀርመናውያን ባለሙያዎች ይህን ታሪክ በደንብ ያውቁት ነበር። በ1942 እንደገና ይመጣባቸዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ጀርመን ሜይ 10 ቀን 1940 ወረረች፤ የቤልጅየም ጦር በ18ኛው ቀን እጁን ሰጠ። ሚኒስትሮቹ በፈረንሳይ በኩል አድርገው በስተመጨረሻ ለንደን ገቡ፤ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሳልሳዊ ግን ከአገሩ አልወጣም፣ በላከን ቤተ መንግሥቱ እስረኛ ሆነ። በርሊን ኖርዌይንና ሆላንድን ለሲቪል ኮሚሳሮች፣ ማለት ለፓርቲ ሰዎች፣ ስትሰጥ ቤልጅየምን ለጦር ሠራዊቱ ተወችለት። ፋልከንሃውዘን በመጀመሪያ የታሰበው ለሆላንድ ነበር፤ እዚያ የፓርቲው ሰው ዛይስ ኢንክቫርት ሲሾም ወደ ብራስልስ ተዛወረ። ማዕረጉ «የቤልጅየምና የሰሜን ፈረንሳይ ወታደራዊ አዛዥ» ሆነ። «ሰሜን ፈረንሳይ» የሚለው ኖርንና ፓ ደ ካሌን፣ ሁለቱን የድንበር አውራጃዎች ይመለከታል። እነዚህ የፈረንሳይን ድንጋይ ከሰል ከግማሽ በላይ የሚያወጡ አውራጃዎች ነበሩ። በወረቀት የቪሺ፣ ማለት ከጀርመን ጋር የተስማማው የፈረንሳይ መንግሥት፣ ግዛት ሆነው ቀሩ፤ ትእዛዝ ግን የሚመጣላቸው ከፓሪስ ሳይሆን ከብራስልስ ነበር።

በአዛዡ ሥር ሁለት ክንፎች ነበሩ። አንደኛው የጦር እዝ መምሪያ ነው፤ ጥበቃው፣ ሰፈሩ፣ የጦር ፍርድ ቤቱ በዚያ በኩል ነው። ሁለተኛው የአስተዳደር መምሪያ ነው፤ ገንዘብ፣ ምግብ፣ ፋብሪካ፣ ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት፣ በኋላም የአይሁዶች ጉዳይ በዚህ በኩል ያልፋል። የዚህ ክንፍ አለቃ ኤገርት ሬደር ነበር። ከኮሎኝ አካባቢ የመጣ የሲቪል አስተዳዳሪ፣ የፓርቲ አባልና የኤስ ኤስ የክብር ማዕረግ ያለው ሰው ነው። ፋልከንሃውዘንን ያለ ሬደር ማጥናት አይቻልም። ጄኔራሉ ፊቱ ነበር፤ እጁ ሬደር። ከብራስልስ በታች የዞን አዛዦች፣ ከእነሱ በታች የክፍለ ሀገርና የወረዳ አዛዦች ነበሩ፤ የሰሜን ፈረንሳይ ዞን መቀመጫ ሊል ነበረች።

ይህ ሁሉ ቢደመር ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላትን ቤልጅየምን፣ ሌላ ሁለት አውራጃ ተጨምሮባት፣ በጀርመን ሠራተኛ ማስተዳደር አይችልም ነበር። ሬደርም አልሞከረውም። መርሁ ቁጥጥር እንጂ አስተዳደር አልነበረም፦ አገሩን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ቤልጅየማውያን ይሁኑ፣ ጀርመኑ ከላይ ሆኖ ይቆጣጠር። እኛ አገር እጅ አዙር አገዛዝ የምንለው ነው።

ቁልፉ ዋና ጸሐፊዎቹ ነበሩ። በእያንዳንዱ ሚኒስቴር ውስጥ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለው ቋሚ ሹም ዋና ጸሐፊ ይባላል። የቤልጅየም ፓርላማ ወረራው በተጀመረበት በዚያው ቀን፣ ሜይ 10፣ አለቃው ጋር መገናኘት ያልቻለ ባለሥልጣን በአስቸኳይ ጉዳይ የአለቃውን ሥልጣን እንዲሠራበት የሚፈቅድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ ለጥቂት ሳምንታት ግርግር የታሰበ ነው። ሬደር ግን አራት ዓመት ተጠቀመበት። መንገዱ እንዲህ ነው። የጀርመኑ ክፍል የሚፈልገውን ነገር ያረቅቃል፤ ዋና ጸሐፊው ተጠርቶ ይነገረዋል፤ ይከራከራል፣ ጥቂት ቃል ያስለውጣል፤ ከዚያ በቤልጅየም መንግሥት ጋዜጣ በራሱ ፊርማ ያወጣዋል። የከተማው ሹም፣ ፖሊሱ፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ የሚታዘዙት እንግዲህ ለአገራቸው ሕግ ነው። ዋና ጸሐፊው እምቢ ካለ ጀርመኑ በራሱ ድንጋጌ ያወጣና የቤልጅየም ሹማምንት «እንዲፈጽሙ» ብቻ ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማስፈጸምም ያስጠይቃል ወይስ አያስጠይቅም?

እምቢ ባይን የማስወገጃ መንገዱም ያው ልስልስ ነበር። በማርች 1941 ከ60 ዓመት በላይ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን እንዲለቅ ድንጋጌ ወጣ። ለተራ አንባቢ የጡረታ ሕግ ይመስላል። በተግባር ግን የድሮዎቹን ከንቲባዎችና ሹማምንት ያለ ክስ፣ ያለ እስር ከወንበር አንስቶ ቦታውን ለፍላሚሽ፣ ማለት ለደች ተናጋሪዎቹ፣ ብሔርተኞችና ሬክስ ለሚባለው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፋሺስት ፓርቲ ባንዳዎች የሚከፍት መሣሪያ ነበር። የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊነትም የያዘው የፍላሚሽ ብሔርተኞች ፓርቲ ሰው ዤራር ሮምሴ ነው። በቋንቋ መከፋፈሉም ከላይ የታዘዘ ነበር፤ ሂትለር ፍላሚሾች እንዲደገፉ አዝዞ ከጦር ምርኮኞች መካከል አብዛኞቹ የፍላሚሽ ተናጋሪ ወታደሮች ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ከ60 ሺህ በላይ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ዋሎኖች እስከ 1945 ጀርመን ካምፕ ውስጥ ቀሩ።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ነውና። በ1907ቱ የሄግ ስምምነት መሠረት ወራሪ ከያዘው አገር ገንዘብ መሰብሰብ የሚችለው ለሰፈረው ጦር ፍላጎትና ለአስተዳደሩ ብቻ ነው። ቤልጅየም የከፈለችው የወረራ ወጪ ግን ከ60 ቢሊዮን ፍራንክ በላይ ነው፤ ይህ እዚያ ለሰፈረ ጦር ቀለብ የሚባል ሒሳብ አይደለም። ከዚህ ሌላ የማቻቻያ ሒሳብ የሚባል ነበር። የቤልጅየም ፋብሪካ ዕቃ ወደ ጀርመን ይልካል። ዕቃውን የገዛው ጀርመናዊ ዋጋውን በማርክ በርሊን ላለው የማቻቻያ ካዝና ያስገባል። ብራስልስ ውስጥ በ1940 የተቋቋመው ኖት አውጪ ባንክ ደግሞ፣ አንድ ማርክ በ12.50 ፍራንክ ተሰልቶ፣ ለፋብሪካው በፍራንክ ይከፍላል። ጀርመን በምላሹ የምትልከው ዕቃ ስለሌለ ዕዳው በርሊን ውስጥ እየተከመረ ይሄዳል፤ ይህም በበኩሉ ከ60 ቢሊዮን ፍራንክ በላይ ደረሰ። ባጭሩ ጀርመን የገዛችውን ዕቃ የከፈለው የቤልጅየም ባንክ አዲስ ያተመው ብር ነው። ዕቃ ሲያንስ፣ ብር ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለዚህ ታዳሚ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የኢንዱስትሪው ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። የትልቁ ባንክ የሶሲዬቴ ዤኔራል ገዥ አሌክሳንደር ጋሎፒን ያራመደው ሐሳብ፦ መሣሪያና ጥይት አናመርትም፣ ሌላውን ግን እናመርታለን፤ ሠራተኛው አገሩ ይቆያል፣ በምላሹም ምግብ ይገባል የሚል ነው። ቤልጅየም ከጦርነቱ በፊት ከምግቧ ግማሽ ያህሉን ከውጭ ታስገባ ነበር፤ ስለዚህ ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ከሰልና ብረት ግን ለጦርነት ነው ለሰላም ብሎ የሚለይ የለም። ምግቡም በበቂ አልመጣም። የዳቦ ራሽን በቀን 225 ግራም ነበር፤ የቀረው ከጥቁር ገበያ ይሞላል፣ ገንዘብ ለሌለው አይሞላም። ጋሎፒን ራሱ በፌብሩዋሪ 1944 በፍላሚሽ ባንዳዎች ተገደለ።

የረሃቡ ውጤት በሜይ 1941 ታየ። ልክ ወረራው አንድ ዓመት በሞላው ዕለት በሊየዥ አቅራቢያ ሰራን በሚገኘው ኮከሪል ፋብሪካ አድማ ተነሳ፤ በጥቂት ቀን ወደ መቶ ሺህ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። በዚያው ወር መጨረሻ ድንበሩን ተሻግሮ የኖርና የፓ ደ ካሌ ከሰል ቆፋሪዎች፣ እነሱም መቶ ሺህ ገደማ፣ አደሙ። የአንዱ አዛዥ ሁለት መልስ እዚህ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል። በቤልጅየም ከሜይ 1940 ጀምሮ ታግዶ የነበረው ደመወዝ 8 ከመቶ ተጨመረና ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ። በሰሜን ፈረንሳይ ግን ወታደር ገባ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ታሰሩ፣ ከ200 በላይ ቆፋሪዎች ወደ ዛክሰንሃውዘን ካምፕ ተላኩ። ፊርማው ያው ነው። ልዩነቱ የዋጋ ስሌት ነበር፤ ከሰሉ ያለ ክርክር መውጣት ነበረበት።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በእነዚያው ሳምንታት የቤልጅየም ባንዲራ የሚውለበለብበት ጦር በእኛ ምዕራብ ይዋጋ ነበር። የኮንጎ ወታደሮች አሶሳንና ጋምቤላን አልፈው ሳዮ፣ ማለት ደምቢ ዶሎ፣ ደረሱ፤ ጁላይ 3 ቀን 1941 ጣሊያናዊው ጄኔራል ጋዜራ ለቤልጅየማዊው ጄኔራል ዚሊያየር እጁን ሰጠ። ብራስልስ የሚገኙት ዋና ጸሐፊዎች ሕጋዊ መንግሥታቸው አለመሞቱን፣ ጦርና ቅኝ ግዛት ይዞ መዋጋቱን እያወቁ ነው የሚፈርሙት። ፋልከንሃውዘንም ይህን ያውቃል፤ ንጉሡን በክብር የሚይዘውና ሹማምንቱን የሚያባብለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በጁን 1941 ስትወር ኮሚኒስቶቹ ወደ ትጥቅ ትግል ገቡ፤ ባቡር ማፍረሱና ባንዳ መግደሉ ተጀመረ። የታጋቾቹ ነገር ከዚህ ይነሳል። ፋልከንሃውዘን በሴፕቴምበር 1941 ባወጣው ትእዛዝ የታሰሩ ኮሚኒስቶችና ሌሎች የፖለቲካ እስረኞች እንደ ታጋች ይቆጠራሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ያዘ። ጥቃት ይደርሳል፤ የአካባቢው አዛዥ ለብራስልስ ያስታውቃል። በየግድግዳው ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ እስከዚህ ቀን ድረስ ወንጀለኛው ካልተጋለጠ ይህን ያህል ሰው ይረሸናል። ፖሊስና ወታደራዊው ክፍል ከእስር ቤት ስም ዝርዝር ያዘጋጃሉ። ዝርዝሩ በሕግ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል፤ አንዳንድ ስም ይሰረዛል፣ ሌላ ይተካል። በመጨረሻ ጄኔራሉ ይፈርማል። በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ከሚረሸኑት እነዚህ ይለያሉ፤ እነዚህ የተገደሉት ሌላ ሰው ባደረገው፣ ብዙ ጊዜም እነሱ እስር ቤት ሳሉ በተደረገ ነገር ነው። የሄግ ስምምነት 50ኛ አንቀጽ በግለሰብ ድርጊት ሕዝብን በጅምላ መቅጣት ይከለክላል።

በሰሜን ፈረንሳይ መረሸኑ በ1941 መኸር ተጀመረ። በቤልጅየም ፋልከንሃውዘን ከዓመት በላይ አዘገየው፤ ይህን ደጋፊዎቹ ሁልጊዜ ያነሱታል፣ እውነትም ነው። በኖቬምበር 1942 የሻርለርዋ ባንዳ ከንቲባ ሲገደል ግን ፈረመ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም፤ አንዴ ቁጥር ግድግዳ ላይ የለጠፈ አዛዥ ሳይፈጽም ቢቀር ዛቻው ባዶ ይሆናል፣ ቢፈጽም ደግሞ የሟቾቹ ወንድሞች ወደ ውስጥ አርበኞቹ ይቀላቀላሉ። ጥቃቱም አልቀነሰም፤ በ1943 እና በ1944 በረታ እንጂ። እንደ ቅጣት ግፍ፣ እንደ ፖሊስ ዘዴም ከንቱ ነበር። ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ አላቆሙም።

ብሬንዶንክ የሚባለው ምሽግ ሌላው ነው። በአንትወርፕና በብራስልስ መካከል የሚገኝ የድሮ የጦር ምሽግ ነው፤ ከሴፕቴምበር 1940 ጀምሮ የጸጥታ ፖሊስ እስር ቤት ሆኖ ወደ 3,500 ሰዎች አልፈውበታል። በድብደባ፣ በረሃብና በጉልበት ሥራ የሞተው ብዙ ነው። የጸጥታ ፖሊሱ በወረቀት በወታደራዊ አዛዡ ሥር ነበር። ፋልከንሃውዘን በበላይነቱ ቀናተኛ ነበር፤ የኤስ ኤስ አለቃ ሂምለር በቤልጅየም የራሱን ከፍተኛ የኤስ ኤስና የፖሊስ አዛዥ እንዳይሾም ለዓመታት ተከላክሏል። እንግዲህ ተከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ ይህ ድል ዕዳ ሆነበት፦ የበላይነቱ የእኔ ነው ብሎ የተከራከረ ሰው፣ ብሬንዶንክ የእኔ አልነበረም ሊል አይችልም።

የግዳጅ ሥራው አጭር ነው። የጀርመን የሠራተኛ ምልመላ አለቃ ዛውከል ከበርሊን ሠራተኛ ሲጠይቅ ፋልከንሃውዘንና ሬደር ተቃወሙ፤ የ1916ን ጥፋት ጠቅሰው ተከራከሩ። ተሸነፉና ኦክቶበር 6 ቀን 1942 ድንጋጌው በራሱ በፋልከንሃውዘን ስም ወጣ፦ ከ18 እስከ 50 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ከ21 እስከ 35 ያሉ ያላገቡ ሴቶች ወደ ጀርመን ለሥራ ሊላኩ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ወረራውን በዝምታ ያሳለፈ ቤተሰብ ሁሉ የሚደብቀው ልጅ ኖረው። የሚደበቅ ሰው ሐሰተኛ መታወቂያ፣ የራሽን ካርድና ማደሪያ ይፈልጋል፤ እነዚህን የሚያቀርብ መረብ ተዘረጋ፤ መረቡ ለውስጥ አርበኞቹም ጠቀመ፣ ቀጥሎ ለምናገርላቸው አይሁዶችም እንዲሁ።

የስልቱ ብልሃትም ስብራቱም ከሁሉ በላይ የሚታየው በአይሁዶቹ ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 1940 ሬደር ፀረ አይሁድ ሕግ እንዲያወጡ ዋና ጸሐፊዎቹን ጠየቃቸው። ሕገ መንግሥታችን አይፈቅድም ብለው እምቢ አሉ። ጀርመኖቹ ኦክቶበር 28 በራሳቸው ድንጋጌ አወጡት፦ አይሁድ ማን እንደሆነ ተተረጎመ፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ በየማዘጋጃ ቤቱ በልዩ መዝገብ እንዲመዘገብ ታዘዘ። መዝገቡን የከፈቱት፣ ካርዱን የሞሉት የቤልጅየም ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። ሕጉን አናወጣም ያሉት ሹማምንት ማስፈጸሙን «ተገብሮ» ነው፣ ማለት የታዘዝነውን ብቻ ነው የምናደርገው ብለው ተቀበሉት። ቀጥሎ ሱቅና ንብረት ማስመዝገብ፣ ከሥራ ማስወጣት፣ የሰዓት እላፊ፣ በኖቬምበር 1941 ሁሉም በግድ አባል የሚሆንበት የአይሁዶች ማኅበር ማቋቋም መጣ። አንዱም እርምጃ ብቻውን የሞት ትእዛዝ አይመስልም። ተደምረው ግን አድራሻ ሆኑ።

ቢጫ ኮከቡ ሜይ 27 ቀን 1942 ታዘዘ። እዚህ ላይ አንድ ትእዛዝ ሁለት ከተማ ላይ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። የብራስልስ ከንቲባዎች፣ በዡል ኩልስት ፊርማ፣ የሰውን ክብር የሚነካ ነገር አናድልም ብለው ጻፉ፤ ኮከቡን ጀርመኖቹ ራሳቸው አደሉ። አንትወርፕ አደለች። ኦገስት ላይ የአንትወርፕ ፖሊስ ሰፈር ዘግቶ ሰው በመያዝ ተባበረ፤ በብራስልስ በሴፕቴምበር 3 ሌሊት የተደረገውን አፈሳ ጀርመኖች ያለ ከተማው ፖሊስ አደረጉት፣ ብዙ ሰውም አመለጠ። ውጤቱ በቁጥር ይታያል፦ ከአንትወርፕ አይሁዶች ወደ 65 ከመቶ፣ ከብራስልስ ወደ 37 ከመቶ ገደማ ተወሰዱ። እጅ አዙር አገዛዝ የተዋሰው እጅ ካልተሰጠው ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሬደር በጁላይ 1942 ሂምለር ዘንድ ሄዶ ቤልጅየማዊ ዜግነት ያላቸው አይሁዶች ለጊዜው እንዳይነኩ አስፈቀደ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ምሕረት ይቆጥሩታል። ሒሳቡን ግን እዩት፦ በቤልጅየም ከነበሩት አይሁዶች ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት ከፖላንድ፣ ከጀርመንና ከሌላ አገር የመጡ፣ ዜግነት ያላገኙ ነበሩ። ጥቂቶቹ ተነጥለው ሲቀሩ የአገሩ ሹማምንትና ቤተ መንግሥቱ ተረጋጉ፤ የሚጫነው ባዕድ ነው ተባለ፤ ባቡሩም ያለ ብዙ ጩኸት ተንቀሳቀሰ። ምሕረት የተባለው ነገር የማቀላጠፊያ ዘይት ነበር። በሴፕቴምበር 1943 ደግሞ ዜጎቹም ታፈሱ።

የመሰብሰቢያው ቦታ መኸለን ከተማ የሚገኘው የዶሲን ጦር ሰፈር ነው። የተመረጠው አይሁዶቹ በብዛት በሚኖሩባቸው በአንትወርፕና በብራስልስ መካከል ስለሆነና ሐዲዱ ቅርብ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የአይሁዶች ማኅበር «የሥራ ጥሪ» ወረቀት እንዲያድል ተገደደ። ከተጠሩት ሲሶ ያህሉ ብቻ ሲመጡ ወደ አፈሳ ተዞረ። የመጀመሪያው ባቡር ኦገስት 4 ቀን 1942 ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ተነሳ፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ 17 ባቡሮች ከ16 ሺህ በላይ ሰው ወሰዱ። ከሰሜን ፈረንሳይም በሴፕቴምበር 11 ሌንስንና ሊልን አካትቶ በተደረገ አፈሳ ከ500 በላይ ሰው በመኸለን በኩል ተጫነ። በመቶ ቀን ያልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሁሉም ተወሳጆች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዉ ስለተደበቀ ባቡሩን ለመሙላት ወራት ይፈጅ ጀመር። ኤፕሪል 19 ቀን 1943 የተነሳውን 20ኛውን ባቡር ሦስት ወጣቶች፣ አንድ ሽጉጥና ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ፋኖስ ይዘው ቦርትሜርቤክ አጠገብ አስቆሙት። እነሱ በቀጥታ ያወጡት 17 ሰው ነው፤ በዚያ ጉዞ የዘለሉት ሲደመሩ ከ200 በላይ አመለጡ። በጃንዋሪ 1944 ደግሞ 351 ሮማዎች (ጂፕሲ የሚባሉት ሕዝብ) በአንድ ባቡር ተላኩ። በጠቅላላው ከመኸለን ከተወሰዱት ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች በሕይወት የተመለሰው ከመቶ አምስት ገደማ ነው።

ጎረቤት ሆላንድ ውስጥ፣ በፓርቲው ኮሚሳር ሥር፣ ከ140 ሺህ አይሁዶች 107 ሺህ ተወሰዱ። በቤልጅየም ድርሻው ከግማሽ በታች ነው። ከዚህ ተነስቶ «ጄኔራሉ አዳናቸው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ከአንዴ በላይ የተሰደደ ሰው የመንግሥት ወረቀት አያምንም፤ የአይሁዶች መከላከያ ኮሚቴ የሚባለው ስውር ድርጅት፣ ገዳማቱና ተራው ሰው ሕፃናትን በሺህ ሸሸጉ፤ የግዳጅ ሥራው የፈጠረው የመደበቂያ መረብ ደረሰላቸው። የወታደራዊው አስተዳደር ጥንቃቄ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን አገሩን ላለማስቆጣት ከነበረው ፍላጎት የመጣ ነው።

ፋልከንሃውዘን ራሱ በዚያ ዘመን ቅዳሜና እሑዱን ስነፍ በሚባል ቦታ ባለ የመኳንንት ቤተ መንግሥት ከቤልጅየም መኳንንት ጋር ያሳልፍ ነበር። ሰው ሲለምነውም ይሰማ ነበር። በቻይና የሚያውቀው ጄኔራል ዘመድ የሆነች፣ ቤልጅየማዊ ሐኪም ያገባች ቺየን ሺዩሊንግ የምትባል ቻይናዊት ለሞት የታጩ ሰዎችን እንዲምርላት ደጋግማ ለመነችው፤ በ1944 የኤኮሲን ታጋቾች ሕይወት በእሷ ልመና ተረፈ። እሷ ከጦርነቱ በኋላ የተሸለመችው በሚገባ ነው። የእሱን በተመለከተ ግን፣ ምሕረት ማድረግ የሚችል ሰው መግደልም ምርጫው እንደነበር ይኸው ምሕረት ይመሰክርበታል።

መውደቂያው ከበርሊን መጣ። ሂትለር በጁላይ 1944 አጋማሽ ወታደራዊውን አስተዳደር አፍርሶ የኮሎኙን የፓርቲ አለቃ ዮሴፍ ግሮሄን ኮሚሳር አደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ ሂትለር ላይ የቦምብ ሙከራ ተደረገ፤ ፋልከንሃውዘን ከሴረኞቹ ጋር ግንኙነት ነበረውና በወሩ መጨረሻ ታሰረ። ግሮሄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሴፕቴምበር 3 እንግሊዞች ብራስልስ ገቡ። ጄኔራሉ ከካምፕ ካምፕ ሲዛወር ቆይቶ በዳካው በኩል ከ130 በላይ ከሚሆኑ ታዋቂ እስረኞች ጋር ወደ ደቡብ ቲሮል ተወሰደ፤ በሜይ 1945 መጀመሪያ አሜሪካኖች አገኙት። እንደ ተፈታ እስረኛ አልለቀቁትም፣ መልሰው አሰሩት። በ1948 ለቤልጅየም ተሰጠ።

የብራስልስ የጦር ፍርድ ቤት ማርች 9 ቀን 1951 በታጋቾቹ መረሸንና በአይሁዶቹ መጋዝ ጥፋተኛ ብሎ 12 ዓመት ፈረደበት፤ በሬደርም ላይ እንዲሁ። ቺየን ሺዩሊንግ ለእሱ መስክራለች። በቤልጅየም ሕግ ከቅጣቱ ሲሶውን የጨረሰ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የ12 ዓመት ሲሶ አራት ዓመት ነው፤ ሰውየው ከ1945 ጀምሮ ጀርመንን በወጉት ተባባሪ መንግሥታትና በቤልጅየም እጅ ወደ ስድስት ዓመት ታስሯል። ስለዚህ ፍርዱ ከተነበበ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጀርመን ገባ። እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ግራዚያኒን ማሰቡ አይቀርም፤ እሱ በ1950 በሮም 19 ዓመት ተፈርዶበት በአራት ወር ተፈታ፣ ያውም ክሱ ከጀርመኖች ጋር ስለመተባበሩ እንጂ ስለ የካቲት 12 አንድ ቃል አልነበረበትም። ብራስልስ ቢያንስ የከሰሰችው በራሷ ሰዎች ደም ነው።

ፋልከንሃውዘን በ1960 በጦርነቱ ጊዜ ከውስጥ አርበኞቹ ወገን የነበረች ቤልጅየማዊት አግብቶ፣ በጁላይ 1966 ናሳው በምትባል የጀርመን ከተማ በ87 ዓመቱ ሞተ።